ቮላታይል ማለት ምን ማለት ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ስለ እንግሊዝኛው ቃል ስለ «ቮላታይል» (volatile) የሚቀርቡልኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምሬ እነሆ።

«ቮላታይል» በአጭሩ ምን ማለት ነው?

በድንገት ሊለወጥ የሚችል፣ አሁን ያለበት ሁኔታ የማያስተማምን ማለት ነው። ቅጽል ነው። ዋጋ ቮላታይል ይሆናል፣ ፈሳሽ ቮላታይል ይሆናል፣ ሰውም ይሆናል።

ልብ በሉ፤ መለወጡ ብቻ አይበቃም። ድንገተኛነቱ ነው ዋናው። ጅማ ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ እንደሚዘንብ ሁሉም ያውቃል፤ ጃንጥላውን ይዞ ይወጣል። ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ዝናብ መሆኑ ለውጥ ነው፤ ግን የሚጠበቅ ለውጥ ነው። ጃንጥላ ተይዞ የሚጠበቅን ነገር ቮላታይል አንለውም።

አማርኛ ለዚህ አንድ ቃል የለውም እንዴ?

ብዙ ጊዜ «ተለዋዋጭ» ወይም «የማይረጋጋ» ተብሎ ይተረጎማል። ስህተት አይደለም፤ ግን ጨው እንደሌለው ወጥ ነው። «ተለዋዋጭ» የሂሳብ መጽሐፍ ውስጥም አለ፣ የአየር ሁኔታ ትንበያ ውስጥም አለ። ስሜቱን አይዝም።

እኔ የማስተምረው በሦስት ግሦች ነው፦ ተነነ፣ ዋዠቀ፣ ገነፈለ። ፈሳሽ ከሆነ ይተናል። ዋጋ ከሆነ ይዋዥቃል። ሰው ወይም የከተማ ሁኔታ ከሆነ ይገነፍላል። እንግሊዝኛው ሦስቱንም በአንድ ቃል ይላቸዋል፤ እኛ ደግሞ እንደ ነገሩ ለይተን እንጠራቸዋለን። ስለዚህ ቃሉን ስታገኙት መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ «ስለ ምንድን ነው የሚያወራው?» ብላችሁ ነው። ከዚያ አማርኛው ራሱ ይመጣል።

እንዴት ነው የሚነበበው?

እንግሊዞቹ «ቮለታይል» ይላሉ፤ መጨረሻው «ታይል» ነው። አሜሪካኖቹ «ቫለትል» ብለው ጨርፈውት ያልፋሉ። ሁለቱም ጋ ጠበቅ ተደርጎ የሚነገረው መጀመሪያው ነው። እኛ አገር የተለመደው «ቮላታይል» ማንንም አያደናግርም፤ «ቦላታይል» ብቻ አትበሉት።

ከየት የመጣ ቃል ነው? ከቮልካኖ ጋር ይዛመዳል?

ሥሩ ላቲን ነው። «ቮላሬ» ማለት መብረር ነው፤ ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ገባ። በድሮው እንግሊዝኛ እንዲያውም ወፎችንና ሌሎች የሚበሩ ፍጥረታትን ይጠሩበት ነበር። ኋላ ላይ በርሮ ለሚጠፋ ፈሳሽ ዋለ፤ ከዚያ አንድ ቦታ ለማይረጋ ጠባይ።

ከእሳተ ገሞራው ጋር ግን ዝምድና የለውም። ቮልካኖ የመጣው የሮማውያን የእሳት አምላክ ከሆነው ከቩልካን ነው። ሁለቱም የሚፈነዳ ነገር ስለሚያስታውሱ ዘመድ ይመስላሉ እንጂ በስም አይገናኙም። ዘመዱን ከፈለጋችሁ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ታገኙታላችሁ፤ ቮሊቦል። የቮሊቦል «ቮሊ» ከዚያው ከመብረር የመጣ ነው። ኳሱ መሬት ሳይነካ አየር ላይ እያለ ይመታል።

የቡና ዋጋ ቮላታይል ነው ሲባል ወረደ ማለት ነው?

አይደለም። እዚህ ከተማ ደጋግሜ የምሰማው ስህተት ይሄ ነው። ምክንያቱም ይገባኛል፤ ቃሉ ትዝ የሚለን ዋጋ ሲወርድ ነው። ሲወጣማ ማን ያማርራል? ቃሉ ግን አቅጣጫ የለውም። ሽቅብም ቁልቁልም ይሁን፣ መዝለሉ ነው ቮላታይል የሚያሰኘው።

የአረቢካ ቡና የዓለም ዋጋ የሚታይበት ዋናው ገበያ ኒው ዮርክ ነው። የሚነገረውም በፓውንድ ነው፤ አንድ ፓውንድ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1975 ብራዚል ላይ ከባድ ውርጭ ወረደና የፓራና ግዛትን ቡና ጨረሰው። በ1977 ዋጋው ከ3 ዶላር በላይ ወጣ። በ2001 ደግሞ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ ገበሬውን አስለቀሰ። በየካቲት 2025 ከ4 ዶላር አለፈ። ከ3 ዶላር ወደ ግማሽ ዶላር፣ ከግማሽ ወደ 4፤ ያውም የብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ማዶ ውርጭና ድርቅ እየገፋው። ቮላታይል ማለት ይሄ ነው።

መርካቶ የማውቃቸው አንድ ጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) ሰብሳቢ አሉ። ሲመዝኑ ስልካቸውን ሚዛኑ አጠገብ ጆንያ ላይ ያስደግፋሉ። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ የኪሎው ዋጋ ጥቂት ብር ሲንቀሳቀስ ፈረሱላው ላይ ስንት እንደሚሆን በቃላቸው ያሰላሉ። ጠዋት የገዙበትን ዋጋ ማታ ሲጠይቋቸው ይስቃሉ። እንግሊዝኛ አይችሉም፤ ቃሉን ግን ከኔ ተማሪዎች ሁሉ በላይ ያውቁታል።

ሰውን «ቮላታይል ነው» ማለት ይቻላል? ስድብ ነው?

ይቻላል። ስድብ ባይሆንም ሙገሳ አይደለም። ቱግ የሚል፣ ግንፍል የሚል፣ መቼ እንደሚቆጣ የማይታወቅ ሰው ማለት ነው። አማርኛችን እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛው ይበልጣል እላለሁ፤ «ገነፈለ»ን ያገኘነው ምድጃ ዳር ነው። ጀበና ሲፈላ አይታችኋል። ዝም ብሎ ይቆያል፣ ይቆያል፣ ከዚያ አፍታ ዓይናችሁን ስታነሱ አንገቱ ላይ አረፋው ይመጣና ፍሙን ያጠፋዋል። ቡና አፍይዋ ጀበናውን ቶሎ ብድግ አድርጋ ትንሽ በስኒ ቀድታ መልሳ ትጨምርበታለች። ቮላታይል ሰውም አጠገቡ ሆኖ ብድግ የሚያደርገው ይፈልጋል።

ሁልጊዜ የሚቆጣ ሰው ግን ቮላታይል አይደለም፤ እሱ ቁጡ ነው፣ ይታወቃል፣ ይራቃል። የሰፈራችን ጎሚስታ ነው ቮላታይል። ጠዋት ሻይ ይጋብዝሃል፣ ስለ ልጆችህ ይጠይቅሃል። ከሰዓት ደግሞ «ጎማው ደረሰ ወይ?» ስትለው ቁልፉን መሬት ላይ ይወረውረዋል። ማታ ይቅርታ ይጠይቃል። እንደዚህ ሲጣላ ሲታረቅ የሚኖር ባልና ሚስትም በእንግሊዝኛ ግንኙነታቸው ቮላታይል ነው ይባላል። ይሄ የግድ ዱላ አለበት ማለት አይደለም። ለዱላው «ቫዮለንት» የሚባል ሌላ ቃል አለ፤ ድምፁ ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።

ሲቪዬ ላይ «ቮላታይል ነኝ» ብዬ ብጽፍስ?

ኧረ በፍጹም! አንዲት ጎበዝ ተመራቂ የሥራ ማመልከቻዋን እንዳይላት አመጣችልኝ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ቮላታይል ሠራተኛ መሆኗን ጽፋለች። ለማለት የፈለገችው «ቨርሳታይል» ነበር፤ ሁለገብ፣ ሁሉንም የምትችል ማለት ነው። የጻፈችው ግን «በማንኛውም ሰዓት ልገነፍል እችላለሁ» ሆኖ ይነበባል።

አብረን በጣም ሳቅን። ደግነቱ ገና አላስገባችውም ነበር። ስልክ ላይ ስትጽፉ አንዱን ጀምራችሁ ሌላውን ሊያመጣባችሁ ስለሚችል ከመላካችሁ በፊት አንድ ጊዜ ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

ቤንዚን ቮላታይል ነው ሲባል ይቀጣጠላል ማለት ነው?

ይቀጣጠላል፤ ግን ቃሉ የሚለው ያንን አይደለም። የሚለው ቶሎ ይተናል ነው። ክሎሮፎርም በ61 ዲግሪ ይፈላል፣ በጣም ተናኝ ነው፤ እንደ ቤንዚን ግን ቦግ ብሎ አይነድም። የምግብ ዘይት በተቃራኒው ሲግል እሳት ይይዛል፤ ክዳኑን ከፍታችሁ ብታድሩ ግን ከጠርሙሱ አይጎድልም።

ቤንዚን ሁለቱንም ሆኖ ነው መከራው። የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነው፤ ትነቱ ደግሞ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል ይሄዳል። ቤንዚን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ቅዝቃዜ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል። ናፍጣ ለዚያ ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። መንገድ ዳር በሃይላንድ ተሞልቶ ፀሐይ ላይ የሚቀመጠውን ቤንዚን ባየሁ ቁጥር ይሄን ቃል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ልጽፍላቸው ያምረኛል። አጠገቡ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ሳይ ደግሞ መጻፉን ትቼ መሸሽ።

ቀለል ያለውን ምሳሌ ክሊኒክ ታገኙታላችሁ። ነርሷ መርፌ ከመውጋቷ በፊት በጥጥ አልኮል ስትቀባችሁ ቀዝቀዝ ይላችኋል። አልኮሉ እየተነነ ከቆዳችሁ ላይ ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው።

የቡና ሽታና ይሄ ቃል ምን አገናኛቸው?

የምንወደው ክፍል ላይ ደረስን። ሽታ ማለት ከነገሩ ተነስቶ አፍንጫችን ውስጥ የደረሰ ትነት ነው። የማይተን ነገር አይሸትም፤ ጨው አሽትታችሁ ታውቃላችሁ? የተቆላ ቡና ውስጥ እስካሁን ከ800 በላይ ተናኝ ውሁዶች ተለይተዋል። የግብርና ኮሌጅ ተማሪዎች ጽሑፍ ላይ «ቮላታይል ኮምፓውንድስ» እያሉ የሚያነቧቸው እነሱ ናቸው። እዚህ ላይ ቃሉ ስለ ዋጋም ስለ ቁጣም አያወራም።

ቤት ውስጥ ሳይንሱን ሳንሰማ እንተገብረዋለን። ቡናው ተቆልቶ ሲያበቃ ማንከሽከሻው በእንግዶች ፊት ይዞራል፤ ሁሉም ጭሱን በእጁ ወደ ራሱ ይስባል። ያ ጭስ ውስጥ ያለው ቶሎ በርሮ የሚጠፋው ክፍል ስለሆነ ነው ወዲያው የሚቀርበው። ከዚያ ሙቀጫው ይቀጥላል፤ ቡናው ሲደቅ ውስጡ የታፈነው ሁሉ ይወጣል፣ ጎረቤት ሳይጠራ ይመጣል። ተወቅጦ በክፍት ዕቃ ያደረ ቡና ለምን እንደሚሰንፍም መልሱ እዚሁ ነው።

ስኒው ላይ የምትጣለው ጤና አዳምም እንደዚሁ ናት። የእሷ ዓይነት ዕፅዋት ዘይት በእንግሊዝኛ «ኢሴንሻል ኦይል» ይባላል፤ ሌላ ስሙ «ቮላታይል ኦይል» ነው።

ዜና ላይ «የጸጥታው ሁኔታ ቮላታይል ነው» ሲባል ጦርነት አለ ማለት ነው?

የግድ አይደለም። አሁን ዝም ያለ ቢመስልም በትንሽ ነገር ሊፈነዳ ይችላል ማለት ነው። ኤምባሲዎች ለዜጎቻቸው በሚያወጡት የጉዞ ማሳሰቢያ ላይ ቃሉን የሚወዱት ለዚህ ነው፤ ሰላምም ጦርነትም አይሉም፣ ሳይዋሹ ያልፋሉ። «ያልተረጋጋ» ብሎ መተርጎም እዚህ ይሠራል። «አስጊ» ግን ከቃሉ ይበልጣል፤ የተርጓሚው ፍርሃት ተጨምሮበታል።

የሚወላገድ ወንበርና የሚቆራረጥ ኔትወርክም ቮላታይል ይባላሉ?

አይባሉም። ለወንበር «ወብሊ» አለ፤ አንድ እግሩ አጥሮ የሚወዛወዝ ማለት ነው። አርጅቶ ሊፈርስ የደረሰ ከሆነ «ሪኬቲ»። የሚንቀጠቀጥ መሰላል «ሼኪ» ነው፤ «ሼኪ» ለደካማ ክርክርና ለማያሳምን ሰበብም ያገለግላል። አንዴ እየመጣ አንዴ እየጠፋ ለሚያናድድ ዋይፋይ «አንስቴብል» ወይም በጨዋታ ቋንቋ «ፍሌኪ» ይባላል።

በነገራችን ላይ የጅማ ሰው «ወብሊ»ን በሩቅ ብቻ ነው ማወቅ ያለበት። ጅማ የምትታወቅበት ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው ባለ ሦስት እግር በርጩማ አይወላገድም። አራት እግር ያለው ወንበር ወለሉ ጎርበጥ ካለ አንዱ እግር አየር ላይ ይቀራል፤ ሦስት እግር ግን በየትኛውም መሬት ላይ ሦስቱም ይነካሉ። ጠራቢዎቹ ይሄንን የሚያውቁት ጂኦሜትሪ ተምረው አይደለም። ክፍል ውስጥ «ወብሊ»ን ሳስተምር የትምህርት ቤቱን ዴስክ አነቃንቃለሁ፤ ለ«ስቴብል» በርጩማዬን ከቤት አመጣለሁ።

«ቮላታይል ሜሞሪ» ምንድን ነው?

መብራት ሲጠፋ የያዘውን የሚጥል የኮምፒውተር ሜሞሪ ነው። ራም እንዲህ ነው። ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ግን መብራት ኖረም አልኖረም ይዘው ይቆያሉ፤ «ነን ቮላታይል» ይባላሉ።

ጥናታዊ ጽሑፉን ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲጽፍ ቆይቶ ሴቭ ሳያደርግ መብራት የሄደበት ተማሪ ይሄን ሁለተኛ ማብራራት አያስፈልገውም። ጽሑፉ ራም ላይ ነበር። ተነነ።

ፕሮግራሚንግ ላይ «ቮላታይል» የሚል ትእዛዝ አለ፤ ከመብራት ጋር ይገናኛል?

አይገናኝም። ሲ ቋንቋ ላይ አንድን ቫሪያብል ቮላታይል ስትሉት ለኮምፓይለሩ (ኮዱን ለማሽኑ ለሚተረጉመው ፕሮግራም) «ይሄ ዋጋ አንተ ሳታውቅ በሌላ በኩል ሊለወጥ ይችላል፤ ቅድም ባየኸው አትመን፣ በፈለግኸው ቁጥር ሄደህ እይ» እያላችሁት ነው። ለምሳሌ ከሴንሰር የሚመጣ ቁጥር። ጃቫም ቃሉ አለው፤ እዚያ ግን አብረው በሚሠሩ ትሬዶች (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን በሚሄዱ ሥራዎች) መካከል ስላለ መተያየት ስለሚያወራ ሕጉ ይለያል። ጀንፈል ሰብሳቢው ስልካቸውን በየደቂቃው የሚያዩት በሲው ትርጉም ነው።

«አንስቴብል» እና «ቮላታይል» አንድ አይደሉም?

በወሬ ይቀራረባሉ። በኬሚስትሪ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ፈተና ላይ የሚጥለውም ይሄ ነው። ቮላታይል የሆነው በርሮ ይሄዳል እንጂ ያው ራሱ ነው። አንስቴብል የሆነው እዚያው ተቀምጦ ሌላ ነገር ይሆናል።

አረቄ የሚያወጣ ሰው ልዩነቱን በእጁ ያውቀዋል። በባሕር ጠለል ከፍታ አልኮል የሚፈላው በ78 ዲግሪ ነው፤ ውሃ ደግሞ በ100። ስለዚህ ከድፍድፉ ቀድሞ የሚነሳው አልኮሉ ነው። ትነቱ በቀሰሙ አልፎ ቀዝቃዛው ዕቃ ውስጥ ሲገባ መልሶ ፈሳሽ ይሆናል። በረረ፣ ተመለሰ፣ አልተበላሸም። ስለዚህ አልኮል ቮላታይል ነው፣ ስቴብልም ነው። በረኪና ደግሞ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ እንደተዘጋ ለወራት ቢቀመጥ ኃይሉ ይደክማል፤ ውስጥ ውስጡን እየፈረሰ ነው። እሱ አንስቴብል ነው።

ለአንድ አገር ኢኮኖሚ ወይም ለመንግሥት ሲሆን ደግሞ «አንስቴብል» መሠረቱን ይነካል፤ ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው። ቮላታይል የሆነ ገበያ ግን ለዘመናት እየዘለለ ሊኖር ይችላል። የቡና ገበያ ምስክር ነው።

ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ዋጋ ቮላታይል ይባላል?

ከሁሉም ጥያቄ ይሄን እወደዋለሁ፤ የጠየቀኝ ሱቅ ያለው ተማሪ ነው። መልሱ እንደ አወጣጡ ይወሰናል። በየወሩ ትንሽ ትንሽ፣ በእኩል እርምጃ የሚጨምር ኪራይ ቮላታይል አይደለም። ያናድዳል፤ ግን በጀት ይያዝለታል። የገበያ ባለሙያዎች ቮላቲሊቲን የሚለኩት ዋጋው ከአማካይ አካሄዱ ምን ያህል እየራቀ እንደሚዘል አይተው ነው። እኩል የሚወጣ ነገር መለኪያቸው ላይ ዝቅተኛ ቁጥር ነው የሚያመጣው።

የዶላርን ምንዛሪ አስቡት። ለዓመታት ብር በዝግታ ሲንሸራተት ነጋዴው ቀጣዩን ወር ይገምት ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አቅጣጫው አልተለወጠም፣ ያው ወደ ላይ ነው። የተለወጠው አዘላለሉ ነው። ባለ ሱቁ ተማሪዬ በእነዚያ ሳምንታት የዘይት ዋጋ በቾክ ነበር የሚጽፈው፤ በስክሪፕቶ ለመጻፍ አልደፈረም።